የቅርብ ጠበል፦ ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ስለ መሬት ከሰሌዳ የምንማር ሰዎች

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ጥርና የካቲት ሲዘልቅ አዲስ አበቤው አዲስ ልማድ አመጣ። አልጋው ሲወዛወዝ መጀመሪያ የጣሪያውን መብራት ያያል፤ ቀጥሎ ስልኩን ያነሳል። "ተሰማችሁ?" ይላል። አርባ ሰው "አዎ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ግን መላሽ አጣ። ምን እየሆነ ነው? ይብስ ይሆን? ቤት ውስጥ እንደር ወይስ እንውጣ?

እነዚያን ወራት እንደ ጋዜጠኛ ያሳለፍኩት መላሽ በመፈለግ ነው። ሁላችንም የደወልነው ለተመሳሳይ ጥቂት ሰዎች ነበር። ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ዶ/ር ኤልያስ ሌዊ ለሬዲዮውም፣ ለቴሌቪዥኑም፣ ለዩቲዩቡም ሲያስረዱ ከረሙ። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብና ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ስምጥ ሸለቆ ለሁለት የሚከፍላት አገር፣ መሬት ሲንቀጠቀጥባት ጣት የማይሞሉ ምሁራን ስልክ ላይ ከተንጠለጠለች ችግሩ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ "ሌላ ቦታ" ነው። ቦታው የዩኒቨርሲቲው መማሪያ ክፍል ነው። ክርክሬን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መስክ የማይወጣና መሣሪያ የማይነካ የሥነ ምድርና የጂኦፊዚክስ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው። እኛ ደግሞ በጀት ሲጠብ፣ መንገድ ሲበላሽ፣ ካላንደር ሲጣበብ ቶሎ የምንተወው ያንኑ መስክና መሣሪያ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ተማሪው ብቻ አይደለም።

*ደጃችን ያለው ቤተ ሙከራ*

አባቶች "የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል" ይላሉ። ተረቱ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ ይመስላል።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከሥር የገባው ቅልጥ ዓለት ነው የከፈተው። በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ ነገር የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከውቅያኖስ በታች፣ ሰው በማያየው ጥልቀት ነው። እኛ ዘንድ ግን ደረቅ መሬት ላይ፣ ሰው በእግሩ ሄዶ በሚያየው ቦታ ሆነ። ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከሌላም አገር ተመራማሪዎች መጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም በሥራው ውስጥ ነበሩበት፤ በዓለም ስመ ጥር በሆነው ኔቸር መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጽሑፍ ስማቸው አለ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በታሪክ መዝገብ ፈንድቶ የማይታወቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰሜን ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱ የሚግጠው ሣር አመድ ለብሶ አደረ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ፍል ውኃ ስላለ ነው፤ ፍል ውኃው የሚወጣው ደግሞ መሬቱ ውስጥ ስንጥቅ ስላለ ነው። ሐዋሳ ከተማ የተቀመጠችው አንድ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ሰምጦ በፈጠረው ገበቴ ውስጥ ነው። አዳማ ላይ ቆመህ ወደ ወንጂ ብታይ በደረጃ የተሰነጠቀ መሬት ታያለህ። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከስምጥ ሸለቆው ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። መቀሌ ዙሪያ ያለው ኖራ ድንጋይ ጥንት ባሕር በነበረበት ዘመን የተቀመጠ ነው።

የዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ያቋረጠ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የዚህን አገር የምድር ታሪክ ገጽ በገጽ ወርዷል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከዚያ ወደ ታች ባሕሩ የተወው ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከዚያም በታች ከባሕሩ በፊት የነበረው አሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚሄድ የተገለጠ መጽሐፍ ነው። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን አውሮፕላን አሳፍረው የሚያመጡት ይህን ለማሳየት ነው። የእኛው ልጅ ግን ይህንኑ በደበዘዘ ፕሮጀክተር፣ ከሌላ አገር መጽሐፍ በተቀዳ ሥዕል ይማረዋል።

*መስክ ላይ ምን ይማራሉ?*

አንዳንዱ ሰው "የመስክ ጉዞ" ሲባል ሽርሽር ይመስለዋል። በጀት የሚያጸድቁ ሰዎችም እንደዚያ የሚያስቡ ይመስለኛል።

አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ መስክ ላይ መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ማጉያ መነጽርና ደብተር ይዞ ይወጣል። የዓለቱ ንብርብር ወዴት እንደሚያዘነብል ይለካል። እዚህ ያየው ድንጋይ ከሸለቆው ማዶ ካለው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። በመሃል ያለው በአፈርና በሣር የተሸፈነ ስለሆነ ያልታየውን ከታየው መገመት አለበት። ማታ ካርታውን ያቀልማል፤ ጠዋት መምህሩ "ይህን መስመር ለምን እዚህ አሰመርከው?" ብሎ ያፋጥጠዋል። የሙያው እምብርት ይህ ነው። ያልተሟላ መረጃ ይዞ መወሰን፣ ውሳኔውንም በማስረጃ መከላከል። ይህን ስላይድ ሊያስተምር አይችልም፤ ስላይድ ላይ ድንጋዩ ታጥቦ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ቀስት ተደርጎበት ነው የሚመጣው።

የጂኦፊዚክሱም እንዲሁ ነው። ተማሪው ሁለት ዓይነት ሞገዶች እንዳሉ ይማራል፤ ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዘገምተኛው ይከተላል። በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዛው መንቀጥቀጡ የተነሣበትን ርቀት በኪሎ ሜትር በግርድፉ ታገኛለህ። ልዩነቱ 16 ሰከንድ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ማለት ነው። ይህን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ መጻፍ አንድ ነገር ነው። ሌሊት የነቀነቀህን መንቀጥቀጥ ጠዋት ክፍል ውስጥ መዝገቡን ከፍተህ ራስህ መለካት ሌላ ነገር ነው። የኋለኛውን ያደረገ ተማሪ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ እናቱም ስትደውልለት መልስ አለው።

የማውቀው አንድ የጂኦሎጂ ምሩቅ በዲግሪ ዘመኑ ሁሉ መስክ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው የግማሽ ቀን ነበር። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ እርሱ ብቻ ነው ብዬም አላምንም። ኮምፓሱን ለስድስት ተማሪ አንድ አድርገው ተካፈሉት። እርሱ ተራው ሳይደርሰው አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ።

*ፈተናው ያልጠየቀው አይማርም*

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። ያለ ትምህርት ዲግሪ የሚታደልበትን በር ለመዝጋት በመታሰቡ ሐሳቡን ደግፌዋለሁ፤ አሁንም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው። ከአራቱ አንዱን መርጠህ 50 ከመቶ ካመጣህ አልፈሃል።

እስኪ አስቡት። ካርታ መሥራትን በ "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" እንዴት ትፈትናለህ? አንድ ዩኒቨርሲቲ ደረጃው የሚለካው ባሳለፈው ተማሪ ብዛት ከሆነና ፈተናው መስክን ካልጠየቀ፣ ለነዳጅና ለአበል የሚወጣው ገንዘብ ለማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ቢውል ማን ይፈርዳል? መምህሩም ሰው ነው። የሚለካበትን ያስተምራል። ለጂኦሎጂና ለጂኦፊዚክስ ከፈተናው ጎን የተመሰከረለት የመስክ ሪፖርትና የቃል ምዘና ካልተጨመረ፣ ዓለት ነክተው የማያውቁ ባለ ዲግሪዎችን በብሔራዊ ማኅተም እያጸደቅን እንቀጥላለን።

*ዕዳውን የሚከፍለው ማነው?*

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት እንደ ኢትዮጵያዊ ደንብ አካፋውን ይዞ ሮጠ። ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ተራራው እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ።

በዝናብ የራሰ ተዳፋት አንዴ ከተናደ በኋላ ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን ያጣል፤ ሁለተኛ መናድ ይከተላል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ የሥነ ምድር መግቢያ ኮርስ ላይ ያለ ነገር ነው። በዚያ ጠዋት አንድ ሰው "ከላይ ያለውን ስንጥቅ የሚያይ ሰው ይቁም፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ አንግባ" ቢል ስንት ነፍስ ይተርፍ እንደነበር ማንም ሊምል አይችልም። በወረዳው ያንን የሚል ባለሙያ መኖር ነበረበት ብሎ መከራከር ግን ይቻላል።

ሌላ ምሳሌ፣ በብር የሚቆጠር። የጊቤ 2 ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቁፋሮው ላይ እያለ ማሽኑ ያልተጠበቀ የተሰባበረ መሬት ውስጥ ገባ፤ ትኩስ ጭቃ ገፍቶ መለሰው፤ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ኃይል ማመንጨቱ ቆመ። መሬቱን አስቀድሞ ማወቅ ስንት እንደሚያወጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከሁሉም የሚበዛው ግን ዜና የማይሆነው ነው፤ ውኃ ጉድጓድ። ከመቆፈሩ በፊት በመሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ልኮ ከሥር ውኃ የያዘ ዓለት መኖሩን መገመት የጂኦፊዚክስ የዕለት እንጀራ ነው። ልኬቱን የሚያነበው ሰው ማንበብ ካልቻለ ጉድጓዱ ደረቅ ይወጣል። ገንዘቡ ይጠፋል፤ የመንደሯ ሴት ጀሪካኗን አዝላ ወደ ወንዙ ትመለሳለች።

*በትንሽ የጀመሩ ሰዎች*

"አገሩ ድሃ ነው፣ ምን እናድርግ" የሚለውን መልስ ታሪካችን ራሱ አያግዘውም። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በታወጀበት ጊዜ ነው። መሥራቹ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባት ናቸው። ከተማዋ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ለዓለም ሳይንስ ተፈላጊ አደረጋት። በኋላም እንደ ዶ/ር ላይቀማርያም አስፋው ያሉ ኢትዮጵያውያን ተረከቡት።

አባ ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬም መነሻ ነው። ማስረጃውን ከመሣሪያ ብቻ አላገኙትም፤ ዜና መዋዕልና የተጓዦች ማስታወሻ ፈትሸዋል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠውን፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የጎዳውን፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈራረሰውን የምናውቀው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እግርና ትዕግሥት ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ካሉ ሽማግሌዎችና ደብሮች ተመሳሳይ ሥራ ለተማሪ ቢያዝ ምን ይከለክለዋል?

*"ግን እኮ…" ለሚሉኝ*

ሦስት መልሶች እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ሦስቱም ከባድ ናቸው።

አንደኛው ሰላም ነው። መንገድ አይታመንም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የታገቱት በዚያው በጎሃ ጽዮን መስመር፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንም መምህር ልጆችን ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ይሂድ ብዬ አልፈርድበትም። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኳቸውን ቦታዎች መልሳችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ከግቢ በር በታክሲ የሚደረሱ ናቸው። የአዲስ አበባው ተማሪ እንጦጦን፣ የሐዋሳው የሐይቁን ዙሪያ፣ የባሕር ዳሩ ጢስ ዓባይን ደጋግሞ ካርታ ቢሠራው ከአንድ ረጅም ጉዞ ይልቅ የበለጠ ይማራል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ብዙው መረጃ በነጻ ነው። ሴንቲኔል 1 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት የፈንታሌን መሬት መነሣትና መስመጥ ሲመዘግብ ከርሟል፤ ምስሉን ማንም ያለ ክፍያ ያወርደዋል። ፉሪ ተራራ አጠገብ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ መረጃም ለዓለም ክፍት ነው። ካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ፣ መዝገብ መተንተኛው ፓይተን ገንዘብ አይጠይቁም። የሚያስፈልገው የማይቆራረጥ መብራት፣ ኢንተርኔትና የሠለጠነ መምህር ነው። አንድ አውሮፓዊ ተማሪ የእኛን ፈንታሌ አውርዶ መመረቂያ ሲጽፍበት የእኛው ተማሪ የካሊፎርኒያን ምሳሌ የሚሸመድድበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ሥራ ነው። "ተምረው የት ሊቀጠሩ?" ይባላል። ይህ ጥያቄ የሚያሳምመኝ ትክክል ስለሆነ ነው። የጂኦሎጂ ምሩቅ ሞተር ሳይክል ሲነዳ አይቻለሁ። ነገር ግን ወረዳዎቻችን መንገድ ያወጣሉ፣ ትምህርት ቤት ይሠራሉ፣ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ተዳፋት ላይ ሰው ያሰፍራሉ። የግብርና ባለሙያ በየቀበሌው መመደብ የቻለ መንግሥት፣ ለመናድና ለመንቀጥቀጥ በተጋለጡ ዞኖች አንዳንድ የሥነ ምድር ባለሙያ መመደብ አያቅተውም።

*የቋንቋው ነገር*

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዶፋን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ "እሳተ ገሞራ ፈነዳ" ተባለ። ቅልጥ ዓለት ግን አልወጣም። "ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል" የሚሉ መልእክቶችም ተዘዋወሩ፤ የመሬት መንቀጥቀጥን በሰዓት የሚተነብይ ሳይንስ በዓለም ላይ እንደሌለ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነበር። እኛ ጋዜጠኞችም ከአደናጋሪዎቹ ወገን ነን። "በሬክተር ስኬል" እንላለን፤ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ለካሊፎርኒያ ያወጣው መለኪያ ዛሬ ለትላልቆቹ ሥራ ላይ እንደማይውል አናስረዳም። ከ5 ወደ 6 መሄድ አንድ ቁጥር ይመስላል፤ በጉልበት 32 እጥፍ ገደማ መሆኑን አንናገርም።

ይህ ከመማሪያ ክፍሉ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ተማሪው አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ይወጣል፤ ለአያቱ በአማርኛ፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ አስረዳ ቢባል ቃል ያጥረዋል። በፈንታሌ ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቅቆ ሲወጣ የሚያስፈልገው በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ነበር። እያንዳንዱ ተመራቂ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ሁለት ገጽ በአካባቢው ቋንቋ፣ ለቀበሌ ሊቀ መንበር በሚገባ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ እንዲጽፍ ቢገደድ፣ ወጪው ምንም ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመስክ ኮርስ በጀት ለሌላ እንዳይዞር ይታጠር። የመውጫ ፈተናው የመስክ ሥራን ይቁጠር። ስምጥ ሸለቆው ላይና ዳሩ ላይ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ አንዳንድ ሳይስሞሜትር ይትከሉ፤ ዛሬ ለማስተማሪያ የሚሆን ዋጋው ዝቅ ያለ አለ። ተማሪው ለገበሬ፣ ለአርብቶ አደርና ለከንቲባ ማስረዳትን እንደ ኮርስ ይማር።

ስምጥ ሸለቆው በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እየተከፈተ ነው። ለካላንደራችንም፣ ለበጀት ዓመታችንም አይቆምም። ፈንታሌ ለጊዜው ጋብ ብሏል። ቀጣዩ የት እንደሚሆን አናውቅም፤ መምጣቱን ግን እናውቃለን። ያኔ ስልክ የምንደውልላቸው ልጆች ዛሬ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ናቸው። አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የድንጋይ ፎቶ እያዩ ነው።

የዘርፉ መምህራንና ተመራቂዎች እዚህ ቻናል ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዲግሪ ዘመናችሁ ስንት ጊዜ መስክ ወጣችሁ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።

መልካም ሰንበት።